ጁባ ላይ የቆለፍኩት ገንዘብ

ከመቱ የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በቀን እወጣ ነበር፤ መኪናው ግን ሲሚንቶ ሲያራግፍ ዋለ። ሹፌሩም «ጎሬ አድረን በጠዋት ቁልቁለቱን እንወርዳለን» አለ። እኔም በሆዴ ደስ አለኝ። ሰፈሩ ቆሞ እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

ቤቴን የገዛው ሙደሲር የሚባል ባለሱቅ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው መቱ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም እዚያው ያደገ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ሥርዓት አለው እንጂ ትዕግሥት የለውም፤ እኔ ሻንጣዬን ሳላወጣ እሱ አልጋውን አስገባ።

«ጋሼ ተክሌ፣ ኧረ አይቸኩሉ፤ እኛ ጓዳ እንተኛለን። እትዬ ብርቄ የኪራይ ቤቱ እስኪጸዳ ሳሎን ይቆዩ» ይለኛል። በገዛ እጄ ባቆምኩት ቤት እንግዳ አድርጎ ሲያስተናግደኝ!

ባለቤቴ ብርቄ በረንዳው ላይ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀምጣለች። ልትሸኘኝ አልተነሳችም።

«አንተ ተክሌ፣ ሶር ወንዝ ዳር ተወልደህ ውሃ ልትሸጥ በረሃ ትወርዳለህ?»

«ውሃማ የሚሸጠው በሌለበት ነዋ።»

«ቤት የሌለውስ ሰው ምን ይሸጣል?»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ከዚህ የተሻለ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ሱቅ ያለው ቤት ሳልገዛልሽ አልቀርም፤ ካልገዛሁም ይህችን ከተማ አልረግጥም ብዬ ማልኩላት። ብርቄ መሐላ አትወድም። «በል ግባ፣ ይመሽብሃል» አለችና ፊቷን ወደ ግቢው መለሰች። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ያየሁት በስልክ መስታወት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው የአገር ልጆች ስለሚደውሉልኝ ነው። ከቡሬ ይደውላሉ፣ ከጎሬ ይደውላሉ። «ጋሼ፣ አባቴ የቡና መሬቱን ሸጦ ሊልከኝ ነው፤ ልምጣ ወይስ ልቅር?» ይሉኛል። ይሄ በስልክ የሚመለስ ነገር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የኖርኩት የቡና ኪሎ ብቻ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ እለፉት፣ ነገሩን ግን እንዳታልፉት።

መጀመሪያ ቡሬ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ አለዚያ የጁባው አይገባችሁም። ያኔ ሰላሳን ትንሽ አልፌያለሁ። ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ የቢሮው ወረቀት ሁሉ ወደ ኦሮምኛ የዞረበት ጊዜ ነው፤ እኔ ቋንቋውን ከናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ስለሆነ አልቸገረኝም። ከዳሪሙ ገበሬ ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ እየገዛሁ በበቅሎ አስጭኜ ወደ ቡሬ እወጣለሁ። ያለኝን ሁሉ፣ የሰውም ተበድሬ ጨምሬ፣ ጀንፈል ገዝቼ መጋዘን በሞላሁበት ዓመት ዋጋው ወደቀ። አወዳደቁ ደግሞ እንደ ዛፍ ነው፣ አንዴ ነው የተንኮታኮተው። ነጋዴው ሁሉ ደንግጦ ባገኘው ዋጋ ሸጦ ተገላገለ። እኔ ቆለፍኩ።

ሰው ሳቀብኝ። ጀንፈል እርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ የኛ አገር ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ብራ በሆነ ቁጥር ጆንያውን እያወጣሁ አሰጣዋለሁ። «ተክሌ ቡናውን እንደ አራስ ፀሐይ ያሞቀዋል» ይላሉ። እኔና ብርቄ ጎደሬ ቀቅለን በጨው እየበላን ከረምን። አበዳሪዎቼ በር ላይ ይመጣሉ፤ ብርቄ ጎደሬ ታቀርብላቸዋለች፤ ጎደሬውን አይተው አዝነው ይሄዳሉ። ከዓመት በኋላ ዋጋው ተነሳ። ሲነሳ ደግሞ ቡና በእጁ ያለው እኔ ብቻ! ብድሬን ከፍዬ፣ መቱ መሬት ገዝቼ፣ ያንን ቤት ሠራሁ። የሳቁብኝም መጥተው መረቁኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጌ አንድ ሆነ፤ ገበያ ሲወድቅ አትሽጥ፣ በርህን ቆልፈህ ቁጭ በል። ዛሬም ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። ለቡና ልክ ነው።

ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል የቡናው ንግድ ከእጄ ወጣ። ፈቃዱ፣ መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናው፣ ሁሉም ለባለ ብዙ ገንዘብ ሆነ፤ እኔን መሰሉ ባለበቅሎ ከመሃል ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የጎሬ ሰዎች ከጁባ እየተመለሱ ወሬ ያመጡት። «አዲስ አገር ነው፣ ቧንቧ የለውም። ከነጭ ዓባይ ውሃ እየቀዳ በቦቴ የሚያዞር ሰው በዓመቱ ሀብታም ነው» ይላሉ። ብርቄ «ለኛ ዕድሜ አይደለም፤ ሱቅ እንክፈት፣ ስኳርና ሳሙና እንሽጥ» አለች። ስኳርና ሳሙና! እኔ ያንን ሁሉ ጆንያ ቆልፌ የተቀመጥኩ ሰው ሳሙና በግራም ልሸጥ? ቤቱን ሸጥኩ። ለምን ትንሽ ብድር ወስደህ አልሄድክም የሚሉኝ አሉ። ሰው ሊዋኝ ሲገባ አንድ እግሩን ዳር ላይ ይተዋል?

ከጎሬ በቡሬ አልፈን ወደ ጋምቤላ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ኮቴን አወለቅኩ፤ እስከ ዛሬ መልሼ አልለበስኩትም። ከጋምቤላ ወዲያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ እንደገና በጭነት መኪና ነው። ጀልባው ላይ ፍየልም ሰውም አንድ ላይ ነን፤ ሲዘንብ ሸራ የሚለብሱት ፍየሎቹ ናቸው፤ ፍየል ባለቤት አለው።

ድንበር ላይ የነበረው ሹም ሻንጣዬን ዘርግፎ ጋቢዬን በጣቱ አነሳ። አብሮኝ ያለ ጋምቤላ ያደገ ልጅ ያስተረጉማል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋቢ ነው። ለብርድ።»

ሹሙ የአንገቱን ላብ ጠርጎ ጋቢውን ለባልደረቦቹ አሳያቸው፤ በሳቅ ሊሞቱ። «እዚህ ብርድ የለም። ስለዚህ የራስህ ልብስ አይደለም፣ ሸቀጥ ነው። ቀረጥ ክፈል።»

«አንድ ጋቢ ማን ይነግዳል?»

«አንተ ነሃ። ነጋዴ ነኝ ብለህ የለ?»

ከፈልኩ። ወረቀቴን እያየ «ሃምሳ ዓመት!» አለ። «እኛ ዘንድ ያንተ እኩያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከብቱን ያያል።»

«ከብቱን ሸጬ ነው የመጣሁት በለው» አልኩት አስተርጓሚውን። ሹሙ ሳቁን አቆመና ማህተሙን መታልኝ።

ጁባ ሀብታም አገር መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮና ሸራ ነው። ማማ ሮዳ የምትባል መበለት ግቢዋ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አከራየችኝ፤ ቀን እንደ ድስት ትፈላለች። ሰዉ ሲገናኝ ትከሻህን ቸብ ያደርግሃል፤ መጀመሪያ ጊዜ ሊማታ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። እኛን «ሀበሽ» ይሉናል። የለም ለማለት «ማፊ» ነው፣ ነገ ለማለት «ቡክራ»፤ ቢሮ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ካወቀ ቋንቋውን ጨረሰ። ምግባቸው ኪስራ እንጀራ ይመስላል፣ ግን ወረቀት ነው፤ እርሾ የሚባል ነገር ጫፉን የነካው አይመስልም። መቱ ከዛፉ ሥር ወድቆ በጫማ የምንረግጠውን አቮካዶ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ላይ ጠይቄ፣ ዋጋውን ስሰማ መልሼ አስቀመጥኩት። ሻጯ ሰደበችኝ መሰለኝ።

ከገመቹ ጋር የተገናኘነው እዚያ ነው። የቡሬ ልጅ ነው፣ ዕድሜው ያኔ እኔ ቡና የቆለፍኩበት ዕድሜ ላይ፣ መኪና መንዳትም መጠገንም ያውቃል። በግማሽ በግማሽ ሆነን አሮጌ ቦቴ ገዛን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ቱቦ እይዛለሁ፣ ዋጋ እከራከራለሁ። ሥራው ሠራ! ሐሰት አልናገርም፣ ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ለብርቄ የኪራይና የቀለብ እልካለሁ። የቀረውን በአገሩ ገንዘብ፣ በፓውንድ፣ እነሱ «ጁነይ» በሚሉት፣ አልጋዬ ሥር የብረት ሳጥን ውስጥ አኖራለሁ። ሁለት ዓመት ያልኩት አራት ሆነ፣ ከአራትም አለፈ። ብርቄ «አሁን አይበቃም?» ትለኛለች። ያጠራቀምኩት ለሙደሲር የሸጥኩትን ያህል ቤት ይገዛ ነበር። እኔ ግን ባለ ሁለት ሱቅ ብዬ ምያለሁ። አንድ ሱቅ ጎደለኝ።

ከዚያ ያገሩ ወታደሮች እርስ በርሳቸው ተታኮሱ። ያን ጊዜ ያየሁትን አልጽፍም፤ ለናንተም አይጠቅም፣ እኔም እንዳልተኛ ያደርገኛል። የብዙ ሀበሻ ቦቴ ተወሰደ፣ ተቃጠለ። የኛ ተረፈ። ነገሩ በረድ ሲል ገመቹ «ኦቦ ተክሌ፣ ይብቃን፣ እንሽጠው» አለ። ሸጥነው፣ በጥሩ ዋጋ፣ በፓውንድ። ድርሻዬን ከሳጥኑ ገንዘብ ጋር ስደምረው ባለ ሁለት ሱቁ ቤት ሞላ። እመኑኝ፣ ሞልቶ ነበር።

በዚያው ወር ፓውንዱ መውደቅ ጀመረ።

ገመቹ እየሮጠ መጣ። «ኦቦ፣ ዛሬውኑ በዶላር እንቀይር። ትናንት ከነበረው ቀንሷል፣ ነገ ደግሞ ከዛሬው ይቀንሳል።»

«ተቀመጥ» አልኩት። «ገበያ ሲወድቅ የሚሮጥ ማን ነው?»

«ያወቀ ነዋ!»

«የፈራ ነው። እኔ ይህን ቡሬ ላይ አይቼዋለሁ፤ አንተ ያኔ ንፍጥህን አልጠረግክም። ሁሉም ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፣ የሚሸጥ ሲያልቅ ይነሳል።»

«ኦቦ ተክሌ፣ ያ ቡና ነው! ቡና ምንም ቢረክስ ይጠጣል። ይሄ ምን ይደረጋል፣ ተፈልቶ ይጠጣል?»

«መንግሥት ያተመው ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይጥላል?»

«ዋቃዮ!» አለና ራሱን ያዘ። ሦስት ቀን ለመነኝ። በሦስተኛው ቀን የራሱን ቀይሮ፣ ዶላሩን ቀበቶው ውስጥ ሰፍቶ ተሰናበተኝ። ዛሬ ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። እግዜር ይባርክለት፤ ይደውልልኛል፣ ሰላም ነህ ወይ ብሎ እንጂ አላልኩህም ወይ ብሎ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ቆለፍኩ። ጁባ ምስጥ አለ፣ ወረቀት ይወዳል። ስለዚህ ገንዘቡን ቀን ቀን በሩን ዘግቼ እያወጣሁ አልጋዬ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ አራግፌ እመልሰዋለሁ። ልክ እንደ ጀንፈሉ። ብርቄ ስትደውል «ትንሽ ጠብቂ፣ ከመስከረም በኋላ ይነሳል» እላታለሁ። መስከረም አለፈ። «ከገና በኋላ።» ገና አለፈ። አንድ ቀን የቤት ኪራይ ይዤ ማማ ሮዳ ዘንድ ሄድኩ። የገንዘቡን ነዶ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፣ እንደ ጎመን።

«ማፊ» አለች። «ጁነይ አልቀበልም። ዶላር አምጣ።»

«ማማ ሮዳ፣ ያገርሽ ገንዘብ እኮ ነው! እይው፣ ያገርሽ ከብት ተስሎበታል።»

ማማ ሮዳ አንዱን ወረቀት ከመሃል መዛ ከብቱን ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው። «ይሄ ከብት ወተት የለው፣ ሥጋ የለው» አለች። «አንተ በረትህ አግባው።»

ከብት የሚወደው ሰው፣ ያገሩ ባለቤት፣ ያገሩን ከብት አልቀበልም ሲል ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቷ ፊት ለፊት ቆሜ ነው የገባኝ። ሮጥኩ፣ እኔም በመጨረሻ ሮጥኩ፤ ዶላር ቀያሪዎቹ ግን ነዶውን በሚዛን ሊመዝኑልኝ ምንም አልቀራቸውም። ያን ሁሉ ገንዘብ አወጣጥቼ፣ የማማ ሮዳን ኪራይ ከፍዬ፣ በተረፈው አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁ። የመቱ ቤቴ ፍራሽ ሆነ። የምተኛው እሱ ላይ ነው፣ ጥሩ ፍራሽ ነው።

አሁን ለጠየቃችሁኝ ልጆች ልመልስ። ልጅ ሆኖ ገንዘብን መወርወር ኃጢአት አይደለም። ቡሬ ላይ ቡናው ሻግቶ ቢቀርብኝ ኖሮ ጎደሬ እየበላሁ እንደገና በበቅሎዬ ኋላ ዳሪሙ እወርድ ነበር፤ ጉልበት ነበረኝ፣ ሌላ ክረምትም ነበረኝ። ሕጌ ያኔም ቢሳሳት የሚከፍልልኝ ጉልበቴ ነበር። ጁባ ላይ ግን ያ ጉልበት ቤት ቀርቷል፣ ሕጉ ብቻ አብሮኝ መጥቷል። ስለዚህ አባቶቻችሁ በስተርጅና የሚተኙበትን መሬት ሸጠው አይላኩላችሁ። ወጣት ከሆናችሁ በጉልበታችሁ ኑ፣ የሚወድቀው የናንተ ይሁን። የምላችሁ ይሄ ነው፤ ከዚህ በላይ ምክር የለኝም። ገመቹ እኔ መክሬው አልሰማኝም፣ ስለዚህም ነው ወፍጮ ያለው።

ዛሬ ስልሳን አልፌ ያገር ልጅ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። እግሬ ያብጣል። ደመወዜን ወር በገባ ዕለት ወደ ዶላር እለውጣለሁ፤ አሁንማ አንድ ሌሊት አላሳድረውም። ከዓመታት በኋላ ጥቂት ተጠራቀመ። አንድ የጎሬ ምግብ አብሳይ ደግሞ በቅርቡ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በረዶ መሥሪያ ማሽን ተገኝቷል። ጁባ ላይ በረዶ ነው የሚያዋጣው። ግማሹን ያዋጡ፣ ሥራው የኔ ነው።»

ደሜ ሞቀ። አልዋሽም፣ እንደ ጎረምሳ ሞቀ። የያዝኩት አንዱን ነው የሚችለው፤ ወይ በረዶውን ወይ የመቱን መንገድ። ሁለቱን አይችልም። ለብርቄ ደወልኩላት።

«በረዶ?» አለች። «ውሃው አልሸጥ ሲልህ አሁን አድርቀህ ልትሸጥ ነው?»

«ዓመት ብቻ ነው ብርቄ። የቤቱ ዋጋ ይወጣዋል።»

«ቤት ማን ጠየቀህ? እኔ ኪራይ ቤቱን ለምጄዋለሁ።»

«ባዶ እጄን አልገባም፣ ምያለሁ።»

«መማልህ እኮ ነው የጎዳህ፣ ምለሃል ብሎ የሚይዝህ ዳኛ የለም።» ከዚያ «የእድሩን ነገር ልንገርህ?» አለች።

«ምን ሆነ እድሩ?»

«ከሄድክበት ጊዜ ጀምሮ ያንተንም የኔንም እየከፈልኩ ነው። ሽሮ ባጣሁበት ወርም ከፍያለሁ። ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበሩ በሰው ፊት ተነስቶ፣ እትዬ ብርቄ፣ ለምን ይለፋሉ፣ ጋሼ ተክሌ እዚያው ቢያልፉ እድራችን ከውጭ አገር ሬሳ አያመጣም አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ይመጣል አልኩታ። ሰዉ ሳቀ።»

እኔ አልሳቅኩም። ሆቴሉ በር ላይ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዱ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ አለፈ።

«ስማ ተክሌ» አለች። «ድንኳኑ አለልህ፣ ወንበሩ አለልህ፣ ቀባሪም አለልህ። ሁሉም ተከፍሎበታል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። በስልኩ ውስጥ ትልቅ ድምፅ ይሰማኛል፣ እንደ ጠጠር ያለ፣ መቱ ላይ ከቀትር በኋላ የሚወርደው ነው።

«ምን አልክ?» አለች ብርቄ ጮክ ብላ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አልሰማሁህም። ምን አልክ?»

ምንም አላልኩም ነበር።